በደሴና ኮምቦልቻ በቀን ቤት ለምናከራይ፦ ከከተማው ምን ዓይነት ደንብ እንጠይቅ?

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቀን ወይም በሳምንት ቤት የሚያከራየውን ሁሉ ይመለከታል። ስለ ሆቴል አይደለም የማወራው። ግቢው ውስጥ ትርፍ ሰርቪስ ክፍል አንጥፎ የሚያከራይ አለ፣ ሙሉ ቤት ከነዕቃው ለእንግዳ የሚለቅ አለ፣ ከባለቤቱ በወር ተከራይቶ መልሶ በቀን የሚያከራይም አለ። እንግዳው በየወቅቱ ይመጣል፦ በመስከረም ለግሸን የሚጓዘው፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ የሚመጣው ቤተሰብ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚመጣው ዘመድ፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ለፋብሪካና ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የሚመላለሰው ቴክኒሻንና ነጋዴ።

የተቸገርነው በምን መደብ እንደምንታይ ስላልለየ ነው። አንዱ ጋ ስትሄድ «ይሄ ፔንሲዮን ነው፣ የፔንሲዮኑን መስፈርት አሟሉ» ትባላለህ፤ ሌላው ጋ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው፣ የሁለት ዓመት ውል አምጡ» ትባላለህ። ባለሦስት ክፍሉ ሰው ሁለቱንም ማሟላት አይችልም፣ ስለዚህ ዝም ብሎ በጎን ይሠራል። ከዚህ ለመውጣት ተሰባስበን ለከተማ አስተዳደሩ ጥያቄ እናቅርብ የሚል ሐሳብ አለ። ስለ አዋጁ፣ ስለ ግብሩና ስለ አቀራረቡ የምታውቁ፦ በትክክል ምን እንጠይቅ? ለማንስ?


ሐረጎ ቁልቁለት

ወንድሜ ጦሳ፣ ከአዋጁ ልጀምር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሆቴል፣ ሪዞርት፣ የእንግዳ ማረፊያና መሰል ቤቶችን ከ«መኖሪያ ቤት» ትርጉም አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ የሚሉት ግዴታዎች ለሁለት ሌሊት ያደረን እንግዳ አይመለከቱም። በክልል ከተሞች አዋጁ የሚፈጸመውም ክልሉ በሚወስናቸው ላይ ነው። ሲጠቀስባችሁ «እኛ ከተማ ላይ በየትኛው ውሳኔ ነው ተግባራዊ የሆነው?» ብሎ የደብዳቤውን ቁጥር መጠየቅ ነውር የለውም።

ግን ጥቅሙን ብቻ ይዞ መሮጥ አይቻልም። «የእንግዳ ማረፊያ ነን» ያለ ሰው «ነጋዴ ነኝ» ማለቱ ነው። ወዲያው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ይከተላል። የግብሩም መደብ ይለወጣል፦ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ ገቢ በሰንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሰንጠረዥ «ሐ» ነው የሚታየው። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በቀን እያከራየ በ«ለ» ያስታውቃል። ኦዲተር ሲመጣ አንሶላ የሚቀየርበት፣ ቁርስ የሚቀርብበት፣ በሌሊት ሒሳብ የሚከፈልበት ቤት ኪራይ ሳይሆን አገልግሎት ነው ይለዋል፤ ያው ገቢ በ«ሐ» እንደገና ይሰላል፣ ቅጣትና ወለድ ይታከልበታል። በ«ለ» የተከፈለው እንዲቻቻል ደረሰኝ ተያይዞ በጽሑፍ ካልተጠየቀ ደግሞ ማንም አስታውሶ አይቀንስላችሁም። አንዱ ጋ መኖሪያ፣ ሌላው ጋ ማረፊያ እያሉ ሁለት ባላ ተክሎ መኖር መጨረሻው ይሄ ነው።

የግብሩ ነገር የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፣ ቁጥሩን ሠርታችሁ እዩት። ሦስት ክፍል፣ አንዱ በ800 ብር፣ ከዓመቱ 40 በመቶው ቢያዝ፦ 146 ሌሊት በ3 በ800፣ 350,400 ብር። ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብር ያልሞላ ግብር ከፋይ ደረጃ «ለ» ነው (ይሄ የግብር ከፋዩ የገቢ መጠን ደረጃ ነው፣ ከሰንጠረዥ «ለ» ጋር አይምታታባችሁ)፤ ባለሦስት ክፍሉ ከዚያ መስመር በጣም ርቆ ታች ነው ያለው። ይህን ስሌት በየራሳችሁ ዋጋ ሠርታችሁ ከጥያቄው ጋር አያይዙት። ቁጥር ሳይዙ «አቅማችን አነስተኛ ነው» ማለት ማንንም አያሳምንም።

ከግብሩም በላይ ሰው የሚፈራው የይዞታ ካርታውን ነው፣ መፍራቱም ልክ ነው። ካርታው «ለመኖሪያ» ይላል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ ለተፈቀደለት አገልግሎት እንዲውል ያስገድዳል። «ንግድ ነው» ስትሉ «እንግዲያው የአገልግሎት ለውጥ ጠይቁ» ሊባል ነው፤ የአገልግሎት ለውጥ ደግሞ ሌላ ክፍያና ሌላ የፕላን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከጥያቄዎቻችሁ ሁሉ አንደኛው ይሄ ይሁን፦ ባለይዞታው ራሱ በሚኖርበት ግቢ የተወሰነ ክፍል ለእንግዳ ማከራየት እንደ አገልግሎት ለውጥ እንዳይቆጠር፣ በግልጽ፣ በጽሑፍ። ይህ ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ቢፈቀድም ሰው አይመዘገብም።


ቦርከና ማዶ

ሐረጎ ያለው ልክ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመር። ከባዱ እንግዳ የአንድ ሌሊቱ አይደለም፣ ለማሽን ተከላ መጥቶ ሦስት ወር የሚቀመጠው ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ረጅም፣ ለሁለት ዓመት ውል አጭር። ጥያቄያችሁ ላይ ድንበር አስምሩ፦ እስከ 30 ቀን «እንግዳ»፣ ከ30 ቀን እስከ 6 ወር «ከነዕቃው የሚከራይ ቤት» ተብሎ ለብቻው ይታይ። ሁለተኛውን ከተማው ብቻውን ሊወስነው ስለማይችል ወደ ክልል እንዲያስተላልፈው ጠይቁ። በአንድ አንቀጽ ጠቅልላችሁ ካቀረባችሁት አንዱ ሲወድቅ ሌላውም አብሮ ይወድቃል።

ምክር ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚነሳባችሁ የሠራተኛው ቤት ነው። ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ አንዲትን ክፍል ለብዙ ተካፍለው የሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች አሉ። «ግቢው ሁሉ ወደ ቀን ኪራይ ከዞረ እነዚህ የት ይግቡ?» የሚባለው ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ተቆጥታችሁ አትመልሱት። መልሱን ራሳችሁ ይዛችሁ ግቡ፦ በአንድ ሰው ስም አንድ ግቢ ብቻ፣ ባለቤቱ እዚያው የሚኖርበት፣ ክፍሉም ከአምስት ያልበለጠ። ተከራይን አስወጥቶ ወደ ቀን ኪራይ ያዞረ ለአንድ ዓመት አይመዝገብ ብትሉ ደግሞ የበለጠ ይሰማችኋል።

የሌላ አገር ደንብ አይታችሁ የሌሊት ጣሪያ እንዳትጠይቁ። ለንደን ሙሉ ቤት በዓመት 90 ሌሊት፣ አምስተርዳም ቢበዛ 30 ሌሊት ይላሉ። ኒው ዮርክ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ እንዲመዘገብ፣ ባለቤቱም እዚያው እንዲኖር፣ እንግዳውም ከሁለት እንዳይበልጥ አድርጋለች። እዚያ ሌሊቱን ለመቁጠር ክፍያው በመተግበሪያ ያልፋል። እዚህ እንግዳው በደላላ፣ በቴሌግራምና በዘመድ ስልክ ነው የሚመጣው። ሌሊቱን ማን ይቆጥረዋል? በግምት ይቆጠራል፤ ግምት ባለበት ደግሞ ጭቅጭቅና እጅ መንሻ አለ። ክፍል ግን በዓይን ይቆጠራል። ከኒው ዮርክ የሚወሰደው ባለቤቱ እዚያው ይኑር የሚለው ብቻ ነው።

ደህንነቱ ላይ ደግሞ ከተማው ከሚጠይቃችሁ በፊት እናንተ ቅደሙ፤ የሆቴል መስፈርት እንዳይጫንባችሁ የሚያደርገው የራሳችሁ ዝርዝር ነው። ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ከሰል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ሲጠና እንግዳ ምድጃ ክፍል ያስገባል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሰው የሚሳሳተው ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አደጋው ያለፈ ስለሚመስለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ አመድ ከለበሰ ፍምም ይወጣል። ስለዚህ ደንቡ «ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አይገባም» ይበል፤ ለእያንዳንዱ አልጋ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይኑር፤ ብርድ ፈርቶ የአየር መውጫውን በጨርቅ የሚደፍን አከራይም ይከልከል።

ሁለተኛው የሻወር ማሞቂያ ነው። ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው ዓይነት 5.5 ኪሎዋት ሲሆን በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ብዙ ቤት ከሶኬት መስመር፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ባለ16 አምፔር ብሬከር ይቀጠላል። ብሬከሩ ሲወድቅ ሠራተኛ ተጠርቶ ብሬከሩን ብቻ በ32 ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወድቅም፣ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ብሬከር የሚጠብቀው ማሞቂያውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ለብቻው የተሳበ መስመር፣ ቢያንስ 4 ገመድ፣ ኧርዙ በትክክል የታሰረ። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፈርሞ የሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ከምዝገባው ጋር ይያያዝ ብትሉ በቂ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ግዴታ ይሁን። ሦስት ክፍል፣ ስድስት ሰው፣ ለአንድ ሰው 60 ሊትር ቢባል በቀን 360 ሊትር ነው፤ ባለ2,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያደርሳል። የእሳት ማጥፊያ ባለ6 ኪሎ ዱቄት፣ በረንዳ ላይ፣ እንግዳው ሊያየው በሚችልበት ቦታ። ዕቃ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥ ማጥፊያ እንደሌለ ነው።


አልጋ ቁጥር 7

እኔ ከፔንሲዮኖቹ ወገን ነኝ፣ ቅር አይበላችሁ። ባለፔንሲዮን የሚናደደው ክፍል ስላከራያችሁ አይደለም። እሱ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ቫት የተመዘገበው 15 በመቶ ይጨምራል፣ ማታ ማታ የእንግዳ መዝገብ ለፖሊስ ያሳያል። እናንተ ጋ ደላላው መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣ ይዞ ይጎትታል፣ ደረሰኝ የለም፣ ማን እንዳደረም አይታወቅም። እነዚህን ሦስቱን ካስተካከላችሁ ከሆቴሎቹም ድጋፍ ታገኛላችሁ፤ በግሸን ሰሞን አልጋ ሞልቶ እንግዳ ወደ እናንተ የሚልከው ራሱ ባለሆቴሉ ነውና።

መዝገቡ ላይ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያው ዓይነትና ቁጥር (ፋይዳ፣ የቀበሌ፣ ፓስፖርት)፣ ስልክ፣ ከየት እንደመጣ፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የወጣበት፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ብዛት፣ ፊርማ ይኑር። ገጹ ቁጥር የተሰጠውና የተጠረዘ ይሁን፤ ልቅ ወረቀት እንደ መዝገብ አይታይም። የእንግዳን መታወቂያ በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል ግን ልማድ እየሆነ ነው፤ ይሄ በጥያቄያችሁ ውስጥ የተከለከለ ተብሎ ይጻፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ስትሰባሰቡ «ከዚህ ዋጋ በታች አናከራይ» ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳትጽፉ። ተፎካካሪዎች ዋጋ መወሰናቸውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ያቺ አንዲት መስመር ማኅበራችሁን ገና ሳይቋቋም ታስከስሰዋለች።


ሸዋበር

እኔ ስለ አቀራረቡ ልጻፍ፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ የምትጠይቁት የወረቀት ዓይነት ይለይ። ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ ወይም ሰርኩላር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። የምትፈልጉት የከተማው ምክር ቤት የሚያጸድቀው ደንብ ነው፣ ዝርዝሩን በመመሪያ የሚያወጣ። ስለዚህ አንዱን ማመልከቻ ለከንቲባው፣ አንዱን ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጻፉ፤ ለባህልና ቱሪዝም፣ ለንግድና ለገቢዎች ግልባጭ። ሁሉንም በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ የእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አድርጋችሁ ያዙ። በእጅ ለኃላፊው የተሰጠ ማመልከቻ የገባ አይባልም። ከሦስት ወር በኋላ ስትጠይቁ መልሱ «አልደረሰንም» ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የክፍያ ተመን የሚነካ ሐሳብ የሚሰናዳው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልገባ ለቀጣዩ ዓመት ነው የሚቆየው። ሰኔ ላይ ተሯሩጦ ማስገባት የደንብ ማስከበር ዘመቻ ካልሆነ ምንም አያመጣም።

ከማስገባታችሁ በፊት ቁጠሩ። አንድ ገጽ ቅጽ፦ ቀበሌ፣ የክፍል ብዛት፣ ባለቤቱ እዚያው ይኖራል ወይስ አይኖርም፣ አማካይ ዋጋ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሌሊት እንደተያዘ፣ የቀጠረው ሰው ብዛት፣ ግብር በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚከፍል። የመጨረሻውን ሰው መመለስ ይፈራል፤ ስም ሳይጻፍበት ይሰብሰብ። ፊርማው በሌላ ወረቀት ይሁን፣ ከሙሉ ስም፣ ከቤት ቁጥርና ከስልክ ጋር። ቅጹና ፊርማው አንድ ላይ ከተያያዙ ለግብር መርማሪ ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ረቂቁን ራሳችሁ ጻፉት። ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ «ይታይልን» የሚል ልመናና የተጻፈ አንቀጽ ቢቀርቡለት አንቀጹን ነው የሚያነሳው። ለትርጓሜው ይቺን መነሻ አድርጉ፦

«የቤት እንግዳ ማረፊያ» ማለት ባለይዞታው ወይም የትዳር ጓደኛው በቋሚነት በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ከአምስት የማይበልጡ ክፍሎችን፣ ለአንድ እንግዳ በተከታታይ ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ፣ በክፍያ የሚያከራይ ነው። በዚህ መልኩ ማከራየት የይዞታውን አገልግሎት እንደመለወጥ አይቆጠርም።

ቀጥሎ ምዝገባ፦ ማመልከቻ በገባ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ጊዜያዊ ምዝገባ እንደተሰጠ ይቆጠር። ቀጥሎ ክፍያ፦ በክፍል የተተመነ ዓመታዊ ክፍያ እንጂ በግምት አይሁን። ቁጥጥር፦ በዓመት አንድ ጊዜ በቀጠሮ፣ ከዚያ ውጭ አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ፣ ተቆጣጣሪውም መታወቂያና የሥራ ትእዛዝ ያሳይ። ቅጣት፦ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የ30 ቀን ማስተካከያ፤ ከሰልና ኤሌክትሪክን በሚመለከት ግን ክፍሉ ወዲያው ይታሸግ። ይህን የመጨረሻውን ራሳችሁ ስታስገቡት ሌላው ላይ ያላችሁ ቃል ክብደት ያገኛል።

ብዙ ሰው ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጠቅሶ «ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ» ይላል። አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የክልል ከተማን አያስገድድም። እንደ መልካም አሠራር ጥቀሱት፣ እንደ ግዴታ ከጠቀሳችሁት የሕግ ባለሙያው እዚያው ይጥለዋል።

ክፍሉ አምስት ይሁን የሚለውን ከቦርከና ነው የወሰድኩት፤ ለደሴ ግን ሦስት ቢሆን ቶሎ የሚያልፍ ይመስለኛል። እዚህ ፔንሲዮን ብዙ ነው፣ ባለአምስት ክፍሉ ከትንሽ ፔንሲዮን በምን ይለያል ብለው ይይዙታል።


ቦርከና ማዶ

ሦስት ካላችሁ ኮምቦልቻ ላይ ግማሹ ሰው ውጭ ይቀራል፤ እዚህ ሰርቪሱ ረድፍ ሆኖ አራት አምስት ክፍል ነው የሚሠራው። ሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ምክር ቤት አላቸው፣ ቁጥሩም ለየብቻ ይሁን። ትርጓሜው ግን አንድ ቃል በቃል ይሁን፣ ኋላ ክልል ሲያየው እንዳይጋጭ።


የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ጠርቷል። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ኮንዶሚኒየም ያላቸው ሰዎች በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አይገቡም፤ ግቢ የላቸውምና። ሁለተኛ፣ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራየውን ምን እናድርገው? ስብሰባ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጮሁት እነሱ ናቸው።


ሐረጎ ቁልቁለት

አብሽር፣ ሁለቱም መልስ አላቸው። ኮንዶሚኒየም በጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው። ደረጃው፣ ኮሪደሩና የውሃ መስመሩ የጋራ ስለሆነ ጎረቤት የሚያነሳው አቤቱታ ከግቢ ቤት የበለጠ ነው፦ የማታ ጫጫታ፣ ቁልፍ የያዘ የማይታወቅ ሰው፣ የሞላ ፍሳሽ። ለእነሱ ሌላ ንዑስ አንቀጽ ይጻፍ፦ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ፣ የማኅበሩ የጽሑፍ ፈቃድ ተያይዞ። ፈቃዱ በቃለ ጉባኤ ይሁን እንጂ የሊቀመንበሩ ፊርማ ብቻ አይበቃም፣ ሊቀመንበሩ ሲቀየር ይሻራል።

መልሶ የሚያከራየውን ከዚህ ጥያቄ አውጡት። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። እሱ ቤቱ ውስጥ አይኖርም፣ ትርጓሜው ደግሞ የቆመው በመኖር ላይ ነው። እሱን ለማስገባት «በሚኖርበት» የሚለውን ቃል ካነሳችሁ የካርታውም፣ የሠራተኛው ቤትም፣ የቁጥጥሩም መልስ አብሮ ይሄዳል። የእሱ መንገድ ፔንሲዮን ነው፦ ከባለቤቱ ጋር ለሌላ ማከራየት እንደሚችል በግልጽ የሚፈቅድ የተረጋገጠ ውል፣ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከባህልና ቱሪዝም የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የንግድ ፈቃድ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ ብቃቱን ሳይዝ ፈቃድ ሊያወጣ የሚሄድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ባለቤቱ የማያውቀው ንዑስ ኪራይ ከሆነ ደግሞ ምንም ደንብ አያድነውም።


ሸዋበር

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስብሰባው ላይ ለሚጮሁት ይህን ከፊርማው በፊት ንገሯቸው። ፈርመው ከገቡ በኋላ «እኛን አውጥታችሁ» ብለው ተቃራኒ ማመልከቻ ካስገቡ ምክር ቤቱ «መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ሦስት ተወካይ ምረጡ፣ ሁለቱ ከደሴ አንዱ ከኮምቦልቻ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ አብዛኛውን ክፍል የሚያስተዳድሩት እናቶች ናቸውና ጥያቄ ሲመጣ በዝርዝር የሚመልሱትም እነሱ ናቸው። ለውክልናው የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ ከማመልከቻው ጋር አንደኛ አባሪ ይሁን፣ ቅጹ ሁለተኛ፣ የገቢ ስሌቱ ሦስተኛ፣ ረቂቁ አራተኛ። አባሪዎቹን በማመልከቻው ግርጌ ከነገጽ ብዛታቸው ዘርዝሩ፤ ካልተዘረዘሩ አንዱ ቢጠፋ ማስገባታችሁን ማረጋገጥ አትችሉም።